ሐይቁ በእናቴ ድምፅ ሲናገር

ከአራተኛ ክፍል ያስወጣችኝ ፕሮፌሰር ሰሎሜ ይርዳው ናት። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። "አንቺ ደግሞ፣ እሷን የመሰለች የተማረች ሴት እንዴት ልጅ ከትምህርት ታስወጣለች?" ይሉኛል። አስወጣችኝ፣ አበቃ።

ያኔ ፕሮፌሰር አልነበረችም። ለዶክትሬቷ ጥናት ልትሠራ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ቀጨሞ ሐይቅ ዳር እኛ ቤት ያረፈች፣ ጫማዋን ጭቃ ሲነካው የምትጮህ ቀጭን ልጅ ነበረች። ታንኳ የሚቀዝፍላት ሰው ፈለገች። ወንዶቹ መረብ ላይ ናቸው። እናቴ ሎሚ፣ "ጦይባ ትቅዘፍልሽ፣ እስክትጨርሺ ድረስ" አለቻት። የተማረ ሰው ሥራው አያልቅም። በጋው አለፈ፣ ክረምቱ አለፈ። እኔ እቀዝፋለሁ፣ እሷ ትጠይቃለች። ትምህርት ቤት ስመለስ ወንበሬ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል፤ መምህሩም ስሜን ረስቶታል።

ይሄ ብቻ ቢሆን ይቅር እል ነበር።

የምታጠናው የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ውሃው፣ ዛፉ፣ አፈሩ መንግሥት ውስጥ ድምፅ ይኑራቸው ወይስ አይኑራቸው የሚል ነገር ነው። የድምፅ መቅጃዋን ይዛ እናቴን ከጠዋት እስከ ማታ ታስለፈልፋታለች። እናቴ አንድ አመል ነበራት። ጎረቤት ታንኳ ሊዋስ ሲመጣ እምቢ ማለት ነውር ስለሚሆንባት፣ "ሐይቁ ዛሬ አልፈቀደም" ትላለች። ሰውየውም ይገባዋል። "እንግዲህ ካልፈቀደማ" ይልና ይመለሳል። ሁለቱም ሳይቀያየሙ ይውላሉ። እኛ ጋ እምቢ የሚባለው እንደዚያ ነበር፤ የእናቴ ብቻ አልነበረም።

ሰሎሜ ይህን ቃል ቀዳችው። በዚያች ቃል ዶክተር ሆነች። መጽሐፍም ጻፈች፤ ሽፋኑ ላይ ታንኳ የምትቀዝፈዋ ልጅ እኔ ነኝ፣ ስሜ ግን የለም። ረዳት ፕሮፌሰር በሆነች ሰሞን ሐይቁ በሕግ ሰው ነው ተባለ። ተባባሪ ፕሮፌሰር ስትሆን ሐይቁ ቀበሌው ምክር ቤት ውስጥ ወንበር አገኘ፤ የእውነት ወንበር፣ ማንም የማይቀመጥበት፣ በየማለዳው የሚወለወል። ሙሉ ፕሮፌሰር ስትሆን ደግሞ ሐይቁ እምቢ ያለውን ነገር የሰው ሁሉ እጅ ቢወጣ አይመልሰውም ተባለ። ውጭ አገር ሄዳ ስትሸለም እኛ ዳር ሌላ ምሰሶ ይተከላል። እሷ አንድ ደረጃ በወጣች ቁጥር እኛ የምናስፈቅደው ነገር በአንድ ይጨምራል።

ሐይቁ የሚናገረው በምሰሶዎቹ ነው። ድምፁ የእናቴ ነው። ከሰሎሜ ቅጂ ላይ ነው የሠሩት። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ በየማለዳው ግን ከምሰሶው ላይ "ደህና አደራችሁ ልጆቼ" ትላለች። ቀጥላ የዕለቱን ውሃ ትናገራለች፤ ዛሬ ልብስ የሚያጥበው ማን እንደሆነ፣ ለነገ የሚያሳድረው ማን እንደሆነ። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ መጀመሪያ ሰሞን መልስ ትሰጣት ነበር፤ "እግዜር ይመስገን ሎሚ፣ አንቺስ ደህና ነሽ ወይ?" ትላታለች በሯ ላይ ቆማ። ሰው ሲስቅባት ተወችው። አሁን ማንም አይመልስም። ባልዲያችንን ይዘን እንሰለፋለን። ሠርግ የተጠራ ሰው የሚጠጣውን ውሃ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። እንግዳ ሲነሣ "ትንሽ ቆዩ እንጂ" የሚል ባለቤት ከጠፋ ዓመታት ሆኗል።

ሐይቁ የሚችለው የሰው ልክ አለው። ልኩ ሞልቷል። አንድ ሰው እንዲገባ አንድ ሰው መልቀቅ ወይም መሞት አለበት። እርጉዝ ሴት እንደ ሁለት ሰው ትቆጠራለች።

ልጄ ሪሃና ያገባችው ቆላ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ይህን ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይረሳውም። ቀኗ ሲቀርብ ባሏ የሐይቁ መግቢያ ላይ እስካለው ኬላ ድረስ አድርሷት ወደ ሥራው ተመለሰ። ትገባለች ብሎ ነው። ኬላው ግን "አልፈቀድኩም ልጄ" አላት። በገዛ አያቷ ድምፅ! ልጄ ሆዷን ይዛ ከኬላው ማዶ ግራሩ ሥር ተቀመጠች። ተመለሺ ብላት ወዴት ትመለሳለች? የጭነት መኪና ላይ ሆና ልትወልድ ነው? የኬላው ጠባቂ ጋሽ ዳምጠው ደግ ሽማግሌ ነው፤ ምንጣፍና እህል ሳቀብላት ፊቱን ያዞርልኛል። ውሃውን ግን ኬላው ራሱ ይቆጥራል። ከድርሻዬ እሰጣታለሁ። እኔ አፌን አረጥባለሁ፣ ይበቃኛል።

አፈ ሐይቁ ዘንድ ሄድኩ። አፈ ሐይቅ ማለት ሐይቁን ወክሎ ቢሮ የሚቀመጠው ነው፤ ኢዮራም የሚባል፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ጎልማሳ። የሰሎሜ ተማሪ ነበር።

"እኔ ልውጣና እሷ ትግባ" አልኩት።

"አንቺ አንድ ነሽ፣ እሷ ሁለት ናት፣ ወይዘሮ ጦይባ።"

"ሁለተኛው እኮ ገና አልተወለደም።"

"ሐይቁ የሚያስበው ለሚመጣው ነው። ትምህርቱ ላይ ያለው ይኼው ነው።"

"የምን ትምህርት? ልጄ መሬት ላይ ናት!"

"አዝናለሁ" አለ። ሲናገር እንኳ ሸሚዙ አልተጨማደደም። "ይልቅ እንኳን መጣሽ፤ ላስጠራሽ ነበር። ፕሮፌሰር ሰሎሜ ሐሙስ ይመጣሉ። በሥራቸው ላይ የቆዩበትን ዘመን ልናከብር ነው። የመጽሐፋቸውን ሽፋን ፎቶ እንደገና ማንሣት ፈልገናል፤ ያው ታንኳ፣ ያቺው ቀዛፊ። እምቢ እንዳትይን።"

እምቢ አላልኩም። ሰሎሜ ሐይቁ ዳር ቤት እንዳላት ትዝ ብሎኝ ነው። የክብር ነዋሪ ተብላ ነው የተሰጣት። ቤቱ በየሳምንቱ ይጠረጋል፣ ማንም አያድርበትም። እሷ አዲስ አበባ ትኖራለች፤ እዚህ ግን ከልኩ ውስጥ አንድ ሰው ሆና ተቆጥራለች። ልጄ የምትተኛበት ቦታ ቁልፍ ተቆልፎበት ተቀምጧል ማለት ነው።

ሐሙስ መጣች። አርጅታለች። ጉልበቷን እየደገፈች ከመኪናዋ ወረደችና አቀፈችኝ።

"ጦይብዬ! አንቺ እኮ አልተለወጥሽም።"

"እርስዎም" አልኩ። ሁለታችንም ዋሸን።

ነጭ ኩታ አለበሷት፤ ጥለቱ ሐይቅ የሚመስል ሰማያዊ። ታንኳው ላይ ወጣን። ዳር ላይ ሰዉ ያጨበጭባል። ከላይ የምታንዣብበው ካሜራ ዞረችን፣ ዞረችን፣ በቃት መሰለኝ ወደ ዳር ተመለሰች። መሀል ሐይቅ ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን። መቅዘፌን አቆምኩ።

"ምነው፣ ደከመሽ?"

"አልደከመኝም። ልለምንዎት ነው።"

"ስለ ልጅሽ ነው አይደል? ኢዮራም ነግሮኛል።" አንገቷን ደፋች። "በጣም አዘንኩ።"

"ማዘኑ ይቅርብዎትና ይልቀቁልኝ። እኔ ቦታዬን እለቃለሁ፣ እርስዎም ይልቀቁ። ቤትዎ እንደሆነ አይጥ እንኳ አያድርበትም። ሁለት ሰው ወጣ፣ ሁለት ሰው ገባ። ሐይቁ አንድ ጭልፋ አይጎድልበትም።"

ታንኳው ቀስ እያለ በራሱ ይዞራል።

"ጦይባ፣ ስሚኝ። ቦታው የእኔ አይደለም። እኔ ለማውቃት ሴት ልጅ ብዬ ከለቀቅኩ፣ ነገ ኢዮራም ለእህቱ ይላል፣ ከነገ ወዲያ ነጋዴው ለሚስቱ ይላል። ሌሎቹ ሐይቆች በምን እንደደረቁ ታውቂያለሽ? ክፉ ሰው መጥቶ አልጠጣቸውም። 'ይህቺ አንዷ ብቻ ትለፍ፣ ይህቺ አንዷ ብቻ' እየተባለ ነው ያለቁት።"

"ሪሃና ለእርስዎ አንዷ ናት። ለእኔ ያለችኝ እሷው ናት።"

"አውቃለሁ።"

"አያውቁም።" "አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እናቴ ያቺን ቃል ለምን እንደምትላት ያውቁ ነበር?"

ውሃውን አየች። የምትዋሽ መስሎኝ ነበር።

"ነግራኛለች" አለች። "እየሳቀች። 'አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ የምትጽፊው፣ እሱ እኮ ታንኳዬን ላለማዋስ ነው' አለችኝ። ያኔ የመጀመሪያውን ጽሑፌን ልኬዋለሁ። አማካሪዬ ወዶታል። ጉባኤ ላይ እንዳቀርበው ተጠርቻለሁ።"

"እና ዝም አሉ።"

"መጀመሪያ አፈርኩ። ጽሑፉን ልመልሰውም አስቤ ነበር። ስቆይ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ሰው ለሰው እምቢ ማለት በማይችልበት አገር፣ ሁሉም የሚያከብረው አንድ እምቢ ባይ ያስፈልጋል። እናትሽ አገኘችው፤ እኔ ወንበር ሰጠሁት። ዕድሜዬን በሙሉ የሠራሁት ይህንን ነው። እስቲ ውሃውን እዪው። እባክሽ እዪው።"

አየሁት። እውነቷን ነው፣ ሞልቷል። ልጅ ሆኜ ዳሩ ሁሉ ጭቃ ነበር፤ አምባዛው እየታፈነ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፍ ነበር። አሁን እስከ ቀጤማው ድረስ ጥርት ብሎ ተኝቷል። እዚህ ላይ አልዋሸችም። እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው። ብትዋሽ ይቀለኝ ነበር።

"የታመመ ሰው ያለበት ቤት ከሆነ" አልኩ፣ "እናቴ ገና ሳትጠየቅ ታንኳውን ፈትታ ትሰጥ ነበር። እሱንስ ቀድተውታል?"

"ቀድቼዋለሁ።"

"ታዲያ የት ሄደ?"

"እሱን ሕግ ማድረግ አይቻልም፣ ጦይባ" አለች ቀስ ብላ። "ሞክሬያለሁ።"

ወደ ዳር ቀዘፍኩ። ዳር ላይ ልጆች አበባ ይዘው ቆመዋል፣ ኢዮራም እጁን ዘርግቶ ይጠብቃታል። ከኬላው በኩል የመጣች አንዲት ሴት ሰዉን ጥሳ ወደ እኔ ስትሮጥ አየሁ፤ እትዬ አስካለ ናት። ጆሮዬ ላይ "ምጡ ይዟታል" አለችኝ።

ሳስበው የከረምኩት ነገር አልነበረም። አባቴ ስለ ድሮ ዳኝነት ሲያወራ ከሰማሁት ውስጥ አንዲት ነገር ብቻ ቀርታኝ ነበር፤ እሷ መጣችልኝ። ሰሎሜ አንድ እግሯን መሬት እንዳስረገጠች፣ የኩታዋን ጫፍ ያዝኩና ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። በጥርሴ ነክሼ አጠበቅኩት። ደግሜ ቋጠርኩት።

"በሕግ አምላክ!" አልኩ። ድምፄ ሐይቁን ተሻግሮ ተመለሰ። "በሕግ አምላክ ቁሚ!"

አንቺ ማለቴን ራሴ የሰማሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ኢዮራም "ምን መሆኗ ነው?" ብሎ ወደ ቋጠሮው ተንደረደረ።

"እንዳትነካት!" ያለው ጋሽ ዳምጠው ነው፤ እትዬ አስካለን ተከትሎ ከኬላው መጥቷል። "ቁራኛ ነው። የድሮ ሰው ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ነው ዳኛ ፊት የሚሄዱት። እስኪፈረድ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በሕግ አምላክ የተባለን የሚፈታ ሰው እኔ አላየሁም።"

"ጋሽ ዳምጠው፣ ይሄ ሕግ እኮ የለም!"

"ልጄ፣ ሐይቅ ወንበር ላይ አስቀምጠህ ይሄ የለም ትለኛለህ?"

አንዳንዱ ሳቀ። ኢዮራም ወደ ምሰሶው ዞረና "ሐይቁ ምን ይላል?" ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ቀና ብለን ጠበቅን። ምሰሶው ዝም አለ። እናቴ ስለ ቁራኛ ለሰሎሜ ምንም ነግራት አታውቅም፤ ቅጂው ውስጥ የለም።

ሰሎሜ ካሜራዋን አየች፣ ሰዉን አየች፣ ቋጠሮውን አየች። "ተዋት፣ ኢዮራም" አለች። "የምትፈልገው ነገር ቢኖር ነው። አብሬያት እሄዳለሁ።" የፈራች አትመስልም። እንዲያውም አንድ የጠፋባትን ነገር ያገኘች ትመስል ነበር። ጥናት አደረገችኝ እንዴ ብዬ ደሜ ፈላ።

ኬላው ድረስ እየጎተትኳት ሄድኩ። ዳገቱ ላይ ትተነፍሳለች፣ እኔ አልቆምላትም። ሰዉ ከኋላችን ይከተላል። መስመሩ ላይ ስንደርስ ኬላው በእናቴ ድምፅ ጠየቀን፤ "ልጆቼ፣ ለቅቃችሁ ነው ወይስ ተመላሽ ናችሁ?"

ይህንን በገዛ አፍ ነው የሚመልሱት። ለቅቄያለሁ ያለ ሰው አይመለስም። ቤቴን ዞር ብዬ አላየሁም፤ ባየው አልወጣም ነበር።

"ለቅቄያለሁ" አልኩ።

"ተመላሽ ነኝ" አለች ሰሎሜ።

መስመሩን አለፍን። ሪሃና ግራሩን ተደግፋ ተንበርክካለች። ፊቷ በላብ ርሷል። እሷን ስታይ ሰሎሜ በድንገት ቆመች፤ ነጠላዬ ተወጠረ። ልጄ ቁርጥ እናቴን ናት፣ ግንባሯም፣ የአፏ አከፋፈትም።

"ቦታ አለ?" አለች ሪሃና።

"የአንድ ሰው አለ" አልኳት። "የአንዱን እየጠበቅን ነው።"

ሰሎሜን ቀና ብላ አየቻት። ልጄ አልለመነቻትም። ምንጣፉን በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችና "እማማ፣ ፀሐዩ ይከብድዎታል፣ ጥላው ውስጥ ይግቡ" አለቻት። ሌላው ምጥ ሲመጣባት የምትይዘው ነገር አጥታ የሰሎሜን እጅ ያዘች። ሰሎሜ እጇን አልነጠቀችም።

"ሐኪም ጥሩ" አለች ወደ ኬላው ጮኻ።

ኢዮራም ከመስመሩ ማዶ ሆኖ፣ "ፕሮፌሰር፣ ከተማ ነው ያለው፣ እስኪመጣ..." ሲል ዋጠው።

"እትዬ አስካለ አለች" አልኩ። "ስንቱን ያዋለደች ናት። ከመስመሩ ማዶ ቆማለች፤ እሷ ግን እንዳንቺ የክብር ነዋሪ አይደለችም፣ ወጥታ ሳይመሽ ካልተመለሰች ቦታዋ ይሄዳል። ቤቴ ክፍት ነው፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ያጠራቀምኩት ውሃ በእንስራ ቁጭ ብሏል። የጎደለው ያንቺ ቃል ነው። ካልፈለግሽም አትበዪ። እዚሁ አብረን እንቀመጣለን፤ የሚወለደውንም እኔና አንቺ እንቀበለዋለን። የሚሆነውን ግን አብረሽኝ ታዪያለሽ። ከእንግዲህ ሩቅ ሆነሽ አታዪውም።"

"አንድ ጊዜ ካልኩት" አለች፣ "የጻፍኩት ሁሉ..."

ልጄ ጮኸች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ አልሰማሁም። ሰሎሜ ዓይኗን ጨፈነች። እንደ ተጨነቀ ተማሪ ከንፈሯን ነከሰች፣ ለቀቀችው። ቀጥሎ ወደ ኬላው ዞረችና ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ "ለቅቄያለሁ" አለች።

መቀርቀሪያው ተነሣ። "ግቢ ልጄ" አለ ኬላው፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። እትዬ አስካለ እስከ መስመሩ ጫፍ መጥታ እጇን ዘረጋች። ሪሃና አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረች።

"እማ፣ አንቺስ?"

"ሂጂ! አልጋው ላይ በግራ ጎንሽ ተኚ። ሂጂ ብያለሁ!"

ሄደች። ጋሽ ዳምጠው በአንድ ጎኗ፣ አስካለ በሌላው ጎኗ ደግፈዋት ቁልቁል ሲወርዱ፣ ቤቴ በር እስኪደርሱ ድረስ ቆሜ አየሁ። መቀርቀሪያው ወረደ። በእኛና በሐይቁ መካከል ተዘጋ።

ሰሎሜ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። እጇ ላይ የሪሃና ጥፍር ምልክት ተቀርጿል። ኢዮራም አጥሩን ይዞ እንደ ልጅ ፈዞ ያያታል። ብዙ ቆይታ፣ "የፈለግሽው ሆነ። በይ አሁን ፍቺኝ" አለችኝ።

"አልፈታሽም።"

"ለምን? ልጅሽ ገባች እኮ።"

"የሌላዋ ልጅ አልገባችም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ግራሩ ሥር ይቀመጣል። ያን ጊዜ የምትለቂው ሌላ ቤት የለሽም። የእናቴን ድምፅ ከእንጨቱ ላይ አላወረድሽልኝም። ውሃው ይጠበቅ፣ እሱን አልከለከልኩም፤ እምቢ ሲባል ግን ስሙ የሚታወቅ ሰው፣ በገዛ ድምፁ፣ ዓይናችንን እያየ ይበለን። ይህንን ዳኛ ፊት ቀርበሽ ታስረጃለሽ። ከኔ በላይ መናገሩን ታውቂበታለሽ፣ ዕድሜ ልክሽን የተማርሽው እሱን አይደል?"

"የትኛው ዳኛ ነው ይሄንን የሚያይ?"

"እሱን ሄደን እናገኘዋለን።"

"በእግር?"

"መኪናሽ አጥሩ ውስጥ ነው፣ ፕሮፌሰር። እኔም አንቺም አንገባም።"

ነጠላዬን ሳብ አደረግኩ። ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፣ ክንዷን ይዤ ደገፍኳት። የአውራጃው ከተማ በኮረብታው ጀርባ ነው። አስፋልቱን ይዘን፣ እሷ በቀኝ እኔ በግራ፣ ወጣን።